ጎንደር ላይ አየር ሲመዘን

ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት 1.6 ሊትሯ ኮሮላዬ እያቃሰተች መውጣት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ሲዞር) ደህና ነው፤ ሜዳ ላይም ብዙ አትለግምም፤ ጉልበት ስጠይቃት ግን ትንፋሽ ያጥራታል። በመጨረሻም የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ ፒ0171 የሚል ኮድ ካነበበ በኋላ፣ ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ሞቷልና አዲስ ይግዙ ብሎ አሰናበተኝ። ኮዱ ግን ስለ ሴንሰሩ አንድም ቃል አይናገርም፤ የሚለው ለገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ብቻ ነው። ይህንን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕም፣ የሚሳሳት ሴንሰርም ሊያመጣው ስለሚችል፣ ሦስቱን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ሎተሪ እንደ መቁረጥ ነው።

ሴንሰሩ በአየር ማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ተቀምጦ የሚገባውን አየር በግራም ይመዝናል። በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ፤ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ሲያቀዘቅዘው፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የአየሩን ብዛት ይናገራል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ቤንዚን የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቢሳሳት፣ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን ያያል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን በመቶኛ እየጨመረ ያርማል።

አዘዞ ያለው ወጣት መካኒክ ያሳየኝ ይህንኑ የእርማት መቶኛ ነው። ሚኒሞ ላይ 4 ብቻ ሲሆን፣ ዳገት ስንወጣ 19 ደረሰ። "ጋሼ፣ ቱቦ ቢሰነጠቅ ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በስንጥቅ የሚሾልከው አየር ሚኒሞ ላይ ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ሲይዝ፣ ሞተሩ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ ግን እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል።

ቀጥሎ የቀረው ፓምፑን ከሴንሰሩ መለየት ነበር፤ ለዚህም ሴንሰሩ የሚሰጠውን የአየር ክብደት ንባብ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። በኢንተርኔት የሚገኙት የማነጻጸሪያ ቁጥሮች በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ስለዚህ በወረቀት አሰላሁት። የእኔ ሞተር 1.6 ሊትሩን የሚስበው በሁለት ዙር ስለሆነ በአንድ ዙር 0.8 ሊትር ይስባል፤ በደቂቃ በ4,000 ዙር በሴኮንድ 53 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የባሕር ጠረፍ አየር ሊትሩ 1.2 ግራም ሲመዝን የእኛው 0.93 ገደማ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላ ቆጥሬ 85 በመቶውን ስይዝ፣ በዚያ 54፣ በእኛ ደግሞ 42 ግራም በሴኮንድ ወጣ። በ54 የሚፈርድ ሰው የጎንደርን ጤነኛ ሴንሰሮች ሁሉ ያስጥላል።

በአንደኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ጥግ ረግጬ ዳገቱን ስወጣ ዙሩ 4,000 ላይ መካኒኩ ከጎኔ ሆኖ አነበበ፦ 30። ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 42 አካባቢ ሆኖ እርማቱ ብቻ ይጨምር ነበር። ማጣሪያው ተዘግቶ ቢሆን ደግሞ ቁጥሩ ቢወርድም፣ ሴንሰሩ የገባውን በትክክል ስለሚመዝን እርማቱ ባልጨመረ ነበር። የቁጥሩ መውረድና የእርማቱ መጨመር አብረው የሚመጡት ሴንሰሩ አሳንሶ ሲመዝን ነው።

ይህም ቢሆን ወዲያው መሞቱን አያረጋግጥም። በቴስተር ስፒናው ላይ 12 ቮልት መድረሱንና የምድር ሽቦው ደህና መሆኑን አየን፤ ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች ፈትቶ አወጣው። ሽቦው የአቧራ ጸጉር አብቅሎ ነበር። ለሴንሰር ማጽጃ በተሠራ ስፕሬይ ሳይነካው ረጨውና እስኪደርቅ ጠበቅን። በብሩሽ መፈተግም ሆነ በኮምፕረሰር መንፋት ያንን ስስ ሽቦ ሊበጥሰው ይችላል፤ የፍሬን ማጽጃም የፕላስቲክ ክፍሎቹን ሊጎዳ ይችላል። መልሶ ሲገጥመው በዚያው ዳገት ንባቡ 41 ሆነ፤ እርማቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 5 ወረደ።

አቧራው ከየት መጣ? ማጣሪያው በተደጋጋሚ ከመታጠቡ የተነሣ ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ተጣሞ፣ በጎኑ ክፍተት ትቶ ነበር። እንዳይታጠብ አለማለቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ በበጋ የአዘዞን አቧራ እያየሁ ለማጣሪያ ዋጋ ሳስቼ ነበር። አዲሱን ካስገባን በኋላ መካኒኩ የሳጥኑን ክዳን ሲዘጋ አራቱንም ማያያዣዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየተጫነ አረጋገጠ።