አምፕሊፋየሩና ገና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላምና በጤና አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ነው። የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ የግቢው ቧንቧ እስከ ረፋድ ጠብ አይልም። ከተማችን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ መሆኗን የጂኦግራፊ መምህራችን ሳይነግሩን በፊት ጆሯችን ያውቀው ነበር። ባንድ በነበረን ጊዜ ጊታር ከመንካታችን በፊት ጣታችንን በሻይ ብርጭቆ እናሞቅ ነበር። (የአረቄም ብርጭቆ ነበረበት፤ እናቴ ፌስቡክ ስለሌላት ነው የምናዘዘው።)

ትናንት ከጠባሴ ወዲያ፣ የታጨደ ማሳ ላይ፣ ልጆች ገና ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ሩሯ ቃርሚያው ውስጥ ስትሰወር ሁሉም ዱላውን ይዞ ይከመርባታል። አንድ ቀጭን ልጅ ቅልጥሙን ተመታና ዘፍ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ የመታውን ቀና ብሎ አየው። መቺው ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ልጁ ቅልጥሙን አሸት አሸት አድርጎ ተነሳ። ደንቧ የወጣችው ለጌታና ለሎሌ ነው፤ በዚህ ቀን ሎሌ የጌታውን እግር በዱላ ቢያገኘው ጌታ ቂም አይዝም። እኔ ግን እዚያ ቆሜ የማስበው ስለ ባንድ ነበር። ለባንድ እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣለት የለም።

በ1999 ዓ.ም. አራት ሆነን ባንድ አቋቋምን። የምንለማመደው ወፍጮ ቤት ነው፤ የድራመራችን አባት ሞተሩን ሲያጠፉ እኛ እንጀምራለን። ዱቄቱ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ድራሙ ላይ ይቀመጣል፣ ስንወጣ ቅንድባችን ሳይቀር ነጭ ነው። የምንጫወተው ሮክ ነበር። ጃኖ ባንድ ገና አልመጣም፣ ስለዚህ "ሮክ ነው" ስንል ሰው "ምን ሆናችሁ ነው የምትጮኹት?" ይለናል። ሊድ ጊታሪስታችን አንቺ ሆዬን በዲስቶርሽን፣ ድምፁን አሻክሮ፣ ሲለቀው የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ሰምቻለሁ ለማለት ዛሬም ይከብደኛል። ባንዱ ስም አልነበረውም። በስም ሳንስማማ ነው የተበተንነው።

በሰርግ ሠርተን ባገኘነው ብር አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ገዛን። የአራታችን ነው። በ2006 ሥራ አግኝቼ አዲስ አበባ ስገባ "ለሁለት ሳምንት ልውሰደው፣ እዚያ ልምምድ አለኝ" አልኩ። ጊታሪስታችን "ውሰደው" አለ። ያ ሁለት ሳምንት 12 ዓመት ፈጀ። አምፕሊፋየሩ ሳሎኔ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ሆነ። እሱ አንድ ቀን ደውሎ "ዕቃው ደህና ነው?" አለኝ፤ "ደህና ነው" አልኩት። ከዚያ ስለ ዕቃው መጠየቅ ተወ። ቀጥሎ መደወል ተወ። ሰርጉን ከሌላ ሰው ሰማሁ።

አልተጣላንም እኮ። ክፋቱ እሱ ነው። ጠብ ሽማግሌ አለው፤ ያገራችን ሰው ድንበር ቢገፋፋ፣ ደም ቢቃባ እንኳ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባብሎ ይነሳል። ኩርፊያ ግን ሽማግሌ ከየት ያመጣል? "ምን አደረገህ?" ቢሉህ የምትመልሰው የለህም። "አምፕሊፋየር ወሰደብኝ" ብሎ ዋርካ ሥር የሚቀርብ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የፈረንጆቹን የሮክ ባንዶች ታሪክ የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠባቸው ጠብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ወሮችና ዓመቶች፣ "በኛ" ካላልኩ በቀር፣ በነሱ አቆጣጠር ናቸው።) የዘ ኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ በ1965 ካርዲፍ መድረክ ላይ ድራመሩን ሰደበ፣ ድራሙንም በእርግጫ ገለበጠ። ድራመሩ ሚክ ኤቮሪ ከዚያው ከድራሙ ዕቃ አንዱን አንስቶ ጭንቅላቱን አለው፤ 16 ስፌት። የገደለው መስሎት ሮጦ ተደበቀ። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ከዚያ በኋላ እስከ 1984 እዚያው ባንድ ውስጥ ድራም መታ! የኢግልስ ደግሞ ይለያል። በ1980 ሎንግ ቢች ላይ ግሌን ፍሬይና ዶን ፌልደር ለሕዝቡ እየዘፈኑ፣ በየዘፈኑ መሃል "ልደባደብህ ይሄን ያህል ዘፈን ቀረኝ" እየተባባሉ ይቆጥሩ ነበር። እንደገና የተሰበሰቡት በ1994 ነው። በ2001 ፌልደርን አባረሩት፣ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ ጉዳዩ በ2007 በስምምነት አለቀ፤ ፍሬይ በ2016 ሞተ።

ከዱላው ይልቅ የሚለያያቸው ወረቀት ይመስለኛል። ዘፈን ሲመዘገብ የደራሲው ስም ይጻፋል፤ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር የደራሲነት ክፍያው የሚሄደው ለዚያ ስም ነው። ድራሙን የመታው፣ ቤዙን የተጫወተው፣ ያቺን ማንም የማይረሳትን መግቢያ ልምምድ ላይ ከጣቱ ያወጣት ሰው ስሙ ከሌለ ያ ገንዘብ እሱ ጋ አይደርስም። አንድ መኪና ውስጥ እየተጓዙ፣ አንድ ሆቴል እያደሩ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ አንዱ ቪላ ይሠራል፣ አንዱ ኪራይ ይከፍላል። እኛ የሰርጉን ብር ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ ዘርግተን እኩል በአራት ስለምንካፈል ይሄ አልደረሰብንም። ሀብታም ስላልሆንን ተመስገን።

ቀጥሎ ያለው ግን ወደ ቤታችን ይመጣል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 በኛ አቆጣጠር (በነሱ 1985)፣ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የሚባለው ኮንሰርት ተካሄደ። ለኛ ረሃብ ነው። ወሎና ትግራይ የከፋው ቢሆንም ድርቁ የኛን ቆላ፣ የይፋትን ወገን፣ አልማረም። በዚያ ቀን፣ በነሱ 1979 ከብላክ ሳባዝ የተባረረው ኦዚ ኦዝበርን ካባረሩት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ዘፈነ። ተበትኖ የነበረው ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ተሰብስቦ ተጫወተ። ለኛ ልጆች እህል ለመግዛት በተጠራ ድግስ ላይ የተኳረፉ ፈረንጆች ጎን ለጎን ቆሙ ማለት ነው። ይሄን ሳስብ አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ያንገበግበኛል፤ ለመነጋገር ስንት ሰው መራብ ነበረበት? ከ20 ዓመት በኋላም ያው ሆነ። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከፒንክ ፍሎይድ ወጥቶ በባንዱ ስም ጉዳይ ከጓደኞቹ ጋር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በሐምሌ 2005 ግን ላይቭ 8 የሚባለው፣ ስለ አፍሪካ ድህነት የተጠራ ኮንሰርት ላይ፣ አራቱም ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ወጡ። አራቱ አብረው ከተጫወቱ ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ኪቦርዲስታቸው ሪቻርድ ራይት በ2008 አረፈ። አራት ሆነው ዳግመኛ አልቆሙም።

ብላክ ሳባዝም በሐምሌ 5፣ 2025፣ ባደጉበት በርሚንግሃም ተሰበሰቡ። ድራመሩ ቢል ዋርድ በውል ጉዳይ ተለይቷቸው ስለነበር የመጀመሪያዎቹ አራቱ አብረው ሲጫወቱ ከ20 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ኦዚ መቆም ስላቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከ17 ቀን በኋላ ሞተ። ዜናውን ያየሁት ሳሎኔ ውስጥ ነው፤ ስልኬን የማስቀምጥበት አጥቼ አምፕሊፋየሩ ላይ አኖርኩት።

የሁሉም አውራ የቢትልስ ነገር ነው። ፖል ማካርትኒ በ1970 የመጨረሻ ቀን ሦስቱን ጓደኞቹን ከሰሰ። ከጆን ሌነን ጋር በዘፈን ሳይቀር ተሰዳደቡ። በኋላ ግን መደዋወል ጀመሩ፤ ማካርትኒ ራሱ እንደተናገረው የሚያወሩት ስለ ልጆቻቸውና ስለ ዳቦ መጋገር ነበር። ሌነን በታኅሣሥ 1980 ሲገደል ማካርትኒን ያጽናናው ያ ነው፣ ሳይኮራረፉ መለያየታቸው። ዳቦ! ያን የመሰለ ዘፈን አብሮ የጻፈ ሰው ስለ እርሾ ያወራል።

ስለዚህ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ አልተነበበም። "ማነው?" አለ፣ ነገርኩት፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ "ብርዱ ዘንድሮ ብሶበታል" አለኝ። ሃያ ደቂቃ ስለ ብርድና ስለ ገብስ ዋጋ አወራን። ስለ ዕቃው አንዳችን አላነሳንም።

ላምበረት መናኸሪያ ላይ ረዳቱ አምፕሊፋየሩን ዞር ዞር ብሎ አየውና "ይሄ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል" አለ። ከፈልኩ። 130 ኪሎ ሜትር አጠገቤ እንደ ሰው ተቀምጦ መጣ። ሸኖ ላይ ቅቤ የገዙ አንዲት እናት ቅላቸውን እሱ ላይ አስደገፉ፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

ጊታሪስታችን ዛሬ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ከሱቁ ወጥቶ ሳመኝ፣ አንዱን ጆሮ እኔ፣ አንዱን እሱ ይዘን አስገባነው። በእጅጌው ጠረግ አደረገውና ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

"ምን ይሸታል?"

"ቅቤ።"

"12 ዓመት ሙሉ ቅቤ ስትቀባው ነው የቆየኸው?"

የኋላውን ክዳን በመፍቻ ከፈተው። ጥጉ ላይ፣ ሽቦዎቹ መሃል፣ የወፍጮ ቤቱ ዱቄት እንደ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። በጥፍሩ ፈቅፍቆ መዳፉ ላይ አስቀመጠውና ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። ሶኬቱን ሲሰካ ቀይዋ መብራት በራች፣ ያ የድሮው ጉርምርምታም መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር አወረደና ዞሮ አየኝ።

"ጃኩስ?"

ጃኩን፣ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ የሚያገናኘውን ገመድ፣ ረስቼዋለሁ። የሳሎኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ፕላስተር እንደተጠቀለለበት ነው።

"ለጥምቀት አመጣዋለሁ" አልኩት።

"የስንት ዓመተ ምሕረት ጥምቀት?" አለኝ።

መልካም ገና።