ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ ያደርኳት ሌሊት

ጃንዋሪ 2021 ላይ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ነበርኩ። ኮሮና ከፎቃችን የወሰዳቸውን ሰዎች ልብስ አጣጥፌ፣ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በር ላይ ለልጆቻቸው ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የፋይዘር ክትባት መጣ ሲባል ከማንም ቀድሜ ነው እጅጌዬን የሰበሰብኩት።

የመጀመሪያው ዶዝ ቀላል ነበር። ከተወጋሁ በኋላ 15 ደቂቃ አስቀመጡኝ። ድንገተኛ አለርጂ ቢነሳ እዚያው እንዲደርሱልኝ ነው። ማታ ክንዴ ከበደኝ፣ በዚያ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። በቃ።

በ21ኛው ቀን የወሰድኩት ግን ሌላ ነው። ሺፍቴን ጨርሼ ገባሁ፣ ሽሮዬን በልቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነቃሁ። እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ደረብኩ፣ ብርድ ልብስ ጨመርኩበት፣ አልሞቅ አለኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ይቆረጥመኛል። ቴርሞሜትሩ 101.5 አለ፤ በአገር ቤት ልክ 38.6 መሆኑ ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው። በቃ ያዘኝ አልኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ደግሞ የባሰ ነበር፤ አዛውንቶቼን አስይዣቸው ይሆን?

ክትባቱ ውስጥ ቫይረሱ እንደሌለ የገባኝ በኋላ ነው። ሰውነት ከመጀመሪያው ዶዝ ስለተለማመደ ሁለተኛው ላይ በርትቶ ይነሳል፤ ትኩሳቱም ብርዱም ከዚያ ነው። በፋይዘር ሙከራ ከ16 እስከ 55 ዓመት ካሉት ተከታቢዎች ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ ትኩሳት የያዛቸው 4 በመቶ ነበሩ፤ ከሁለተኛው በኋላ 16 በመቶ። ድካም ደግሞ 59 በመቶ። ይህ ሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ግን ጥቃቅን ፊደል የሞላበት የእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ነገ ማታ ሊያተኩስሽ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል ነው) ውሰጂ፤ ሳል ከመጣ ወይም ማሽተት ካቃተሽ ግን ያ የክትባቱ አይደለም፣ ተመርመሪ» ቢለኝ ኖሮ ያቺን ሌሊት እንዲያ አላድራትም ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ከፎቃችን የመጀመሪያውን የወሰድነውን በሙሉ ሁለተኛውን በአንድ ቀን አስከተቡን። በማግስቱ ግማሻችን ቀረን። የመጡት ድርብ ሺፍት ሠሩ፣ ወሬውም «ክትባቱ ሰው ጣለ» ሆነ። ሁለት ያገሬ ልጆች የመጀመሪያውንም ሳይወስዱ ቀሩ። እኔ በሁለተኛው ቀን ደህና ነበርኩ። ብብቴ ስር የወጣችው ንፍፊት ብቻ ትንሽ ቆየች። እሷንም ማንም አልነገረኝም ነበር።

አገር ቤት ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፤ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያ ለጤና ባለሙያ ነበርና አዲስ አበባ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቴ ደረሳት። «የመጀመሪያው ምንም አይልሽም፣ ሁለተኛውን ነው መጠንቀቅ» ብዬ መከርኳት። የእሷ ግን አስትራዜኒካ ነው። እሱ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ የሚበረታው የመጀመሪያው ላይ ነው። ሳላጣራ መከርኳት።

በዚያው ሌሊት ደወለች። «እታለም፣ ሁለተኛው አላልሽኝም? ይኸው እየተንቀጠቀጥኩ ነው።» ድምፅዋ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ውኃ ጠጪ፣ ስልኩን አትዝጊው አልኳት። ስለ ልጅነታችን አወራን፣ መሐል ላይ ታሸልባለች፣ ትንፋሿን እሰማለሁ። እዚህ ገና ሲመሽ እዚያ ሊነጋ ነው። ላብ ላብ አላት።

«ራበኝ» አለችኝ። ያኔ ነው ስልኩን የዘጋሁት።