ከድስቱ በላይ ያለው አየር

አክስቴ ከድሬዳዋ መጥታ እኛ ቤት ሰንብታለች። ትናንት የባቄላ ንፍሮ ጣደች። ባቄላው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ነው ያደረው። ውሃው ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ ባቄላው ግን ገና ጥርስ ይሰብራል። «የዚህ አገር እሳት ምን ነካው?» አለችኝ።

እሳቱ ምንም አልሆነም። ነገሩ ያለው ከላይ፣ አየሩ ላይ ነው። አየር ክብደት አለው፤ ድስት ውስጥ ያለውን ውሃም ይጫነዋል። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ያንን ጫና ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የሚጫነን አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃችን ብዙ ሳይግል፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል ወደ 96 ይጠጋል። እህል የሚያበስለው ደግሞ ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም።

ይህን በወሬ ብቻ መንገር አልፈለግኩም። የምግብ ቴርሞሜትር አውጥቼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩት። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ 92 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። «እስቲ እሳቱን ጨምርበት» አለች አክስቴ። ጨመርኩ። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ኩሽናው በእንፋሎት ተሞላ፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አክስቴ ጎንበስ ብላ ደጋግማ አየችው። አንዴ ከፈላ በኋላ የምንጨምረው እሳት ሁሉ ውሃውን ያተነዋል እንጂ አያግለውም። ከሰልም ሆነ መብራት በከንቱ ይነዳል። ክዳኑን ገጥሞ እሳቱን ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ፕሬዠር ኩከር የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን ራሱ ይፈጥራል፣ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪግል ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የመጀመሪያውን የሠራው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1679።

ከእሱ በፊት ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ የሳይንስ ሊቅ ፓስካል አለ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1648 ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ሜርኩሪ ያለበት ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ዝቅ አለ። ከላይ የሚጫነው አየር እየቀነሰ መሆኑ በዓይን ታየ። ተራራው እኮ 1,500 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ አዳማ ትበልጠዋለች! እነሱ ተራራ ፈልገው የወጡለትን ነገር እኛ ከአዋሽ አዲስ አበባ በመኪና ስንመጣ ጆሯችን ጷ ሲል እንሰማዋለን።

ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን ማርስ ነበር። እዚያ የአየሩ ጫና የምድርን አንድ በመቶ አይሞላም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢቀመጥ ሳይግል ይፈላል፤ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ስለሚሄድ የቀረው በረዶ ይሆናል። ሆኖም ማርስ ላይ የደረቁ የወንዝ ዱካዎች አሉ። ውሃ ይፈስ ከነበረ የሚጫነው አየር ነበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ማርስ የደረሰችው ማቨን የተባለች መንኩራኩር አየሩ ዛሬም ከፀሐይ በሚነፍሱ ቅንጣቶች እየተጠረገ ወደ ጠፈር እንደሚያመልጥ ለክታለች። የአንድ ዓለም ወንዞች የደረቁበትን ምክንያት ለመረዳት የሚያስፈልገው እውቀት ንፍሮ ከሚያዘገየው እውቀት ጋር አንድ ነው። ይህ ነገር ሁሌም ያስደንቀኛል።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ተማሪ ሳለን «ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?» ስንባል በአንድ ድምፅ «መቶ!» እንል ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጠን! ቴርሞሜትር ይዞ የመጣ፣ እስቲ እንየው ያለ ሰው አልነበረም። አገራችን ደግሞ ለዚህ የተሠራች ናት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ውሃ ለመፍላት ከመቶ ትንሽ ማለፍ አለበት። ራስ ዳሽን ላይ 85 ገደማ ይበቃዋል። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት የሚችል መምህር ስንት አለ?

ብችል ደባርቅ፣ አዲስ አበባና ሰመራ ያሉ ሦስት ክፍሎችን በአንድ ጠዋት ውሃ አስጥጄ በስልክ አገናኛቸው ነበር። ደባርቅ 90 ገደማ ትላለች፣ አዲስ አበባ 92፣ ሰመራ 98። ከዚያ «ለምን?» ብለው እርስ በርስ ይጠያየቁ። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ ይግለጡት።