እህሉ ከየት መጣ፣ ወደማን ሄደ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከባቲው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን አለ። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ቀልቷል። ዛሬ ግማሹ ሲሚንቶ ይከመርበታል፣ ግማሹ ባዶውን ተቀምጧል። ሰሞኑን ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። በቁሙ ሳለ ታሪኩን ልጻፍለት ብዬ ነው ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት።

የሕንፃ ታሪክ ሲነሳ ሁሌም የሚጠየቀው ማን ሠራው፣ መቼ ተመረቀ የሚለው ነው። ለመጋዘን ግን ሌላ ጥያቄ ይበልጥብኛል። እህሉ ከየት መጣ? ወደማን ሄደ? ወሎ ላይ ይህ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ያውቃል።

መጀመሪያ ቦታውን ላስረዳ። ደሴ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ 2,500 ሜትር ገደማ። ሰፊ ሜዳ የላትም። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ፣ ቦርከና ዳር፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተዘርግታለች። ሦስት መንገድ ይገናኝባታል። አንዱ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንዱ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ ይሄዳል። አንዱ በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ ይወርዳል። የአሰቡን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለራሱ ጦር ብሎ ነው የሠራው። እሱ በ1933 ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ለኛ ቀረ። ከአሰብ የተነሳ ከባድ መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ የባቲን ዳገት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሞተሩም ግሏል፣ ሾፌሩም ዝሏል። ከፊቱ ደግሞ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት፣ ዶሮ መዝለያ፣ ይጠብቀዋል። ተሳቢ እየጎተቱ በሙሉ ጭነት ዶሮ መዝለያን ከመውጣት እዚሁ ማራገፍ ይሻላል። ኮምቦልቻ የመጋዘን ከተማ የሆነችው ለዚህ ነው።

አጎቴ በወጣትነታቸው እዚያ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበሩ። እህልን የሚያስታውሱት በትከሻቸው ነው። ማሽላ ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ኑግ ጆንያው ውስጥ እንዴት እንደሚንሸራተት ሲያወሩ ትናንት የተሸከሙት ይመስላል። የመጋዘኑ ወለል ለምን ከመሬት ከፍ እንዳለ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። የመኪናው ወለልና የመጋዘኑ ወለል እኩል ከሆነ ኩንታል የተሸከመ ሰው ደረጃ አይወጣም፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። የመሬት እርጥበትም እህሉን አያገኘውም። "ይህን ያሠራ ሰው የወገብን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው" ይላሉ።

ስለ መጋዘኑ ስጠይቃቸው ግን በሥራቸው አልጀመሩም። ልጅ ሳሉ ካዩት ጀመሩ። የ66ቱ ረሃብ። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል የተነሳ ሕዝብ ዋናውን መንገድ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አውቶቡስ እያስቆመ ቁራሽ ይለምናል። በዚያው መንገድ ደግሞ እህል የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ አጎቴ አይተዋል። ይሄኛው መጋዘን ያን ጊዜ የግል ነጋዴ ነበር። "ውስጡ ጆንያ፣ ደጁ ሰው" ነው የሚሉት። ከዚህ በላይ አልጨመሩም። እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

ነገሩ የሕፃን ትዝታ ብቻ አይደለም። አማርትያ ሴን የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር የወሎን ረሃብ አጥንቷል። በረሃቡ ዓመት ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም እንዳልጨመረ ጽፏል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። መጀመሪያ ሳነበው ግራ ገባኝ። ሰው በረሃብ እያለቀ ዋጋው እንዴት አይወጣም? ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አንድ ላይ ነው ያጣው። በሬውን ወደ ገበያ ሲነዳ ጎረቤቱም ነዳ፣ አገሩ ሁሉ ነዳ። የከብት ዋጋ ወደቀ። እጁ ላይ ሳንቲም የሌለውን ሰው ርሃብ ገበያ አይሰማውም። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት አቀና። ይህን ካወቅሁ በኋላ "ወሎ እህል አጥታ ተራበች" ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የጠፋው እህል ብቻ አልነበረም። ከእህሉና ከሰውየው መሀል የቆመ በር ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ መጋዘኑ የመንግሥት ሆነ። የእህል ገበያ ድርጅት መጣ፣ ኮታ መጣ። ገበሬው በተቆረጠለት መጠን፣ በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል። ዋጋው ከገበያው በጣም ያንሳል። አዝመራው ያልሰመረለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። አጎቴ በዚህ ጊዜ ነው ሥራ የገቡት። ሚዛኑ አጠገብ መቆም አይወዱም ነበር፤ የገበሬውን ፊት ላለማየት። ኮታ የቀረው መንግሥት በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን 77 ነበር።

ይህኛውን ሲያወሩ አጎቴ ድምፃቸው ይለወጣል። ያን ዓመት እህሉ ከባሕር ማዶ መጣ። አሰብ ወደብ ላይ ስንዴው ተከምሮ መኪና ይጠበቅ ነበር። መኪኖቹ ቀንም ሌሊትም ይገባሉ። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው በር ላይ ሲቆም ሌላው ከኋላው ተሰልፏል። አንዱ ሲራገፍ በሌላ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው ይጫናል። የባቲ መጠለያ ቅርብ ነው። ከባቲ የመጣ ሾፌር ያየውን እያወራ ሻይ ሲጠጣ፣ ሠራተኛው ሻዩን ጥሎ ወደ ጆንያው ይመለስ ነበር አሉኝ። "ደከመኝ የሚል ሰው አልነበረም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ይደክማል እንጂ የኔ ልጅ! ግን ማን አፍ አለው? አንዷ ጆንያ ለስንት ሰው እንደሆነች እያወቅህ ደከመኝ ትላለህ?" አሉ። "አብሽር፣ አብሽር እየተባባልን ነበር የምንሸከመው።" ሌሊት ሌሊት መንዙማ የሚያወጣ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይቀበለዋል። ጾም ላይ ያለውን ሌላው ያሳርፈዋል።

ያ ጊዜ ሲተረክ የውጭ ዘፋኞች፣ አውሮፕላን፣ ካሜራ ይነሳል። ምስጋናው ይገባቸዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን የተሸካሚዎቹ ስም የትም አለመጻፉ ነው። ከመርከብ የወረደው ስንዴ ቆሬም የደረሰው በራሱ እግር አልነበረም። በሰው ጀርባ ወርዶ በሰው ጀርባ ወጥቶ ነው። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ያሉትም ወገባቸውን ይዘው ቤት ውለዋል።

እህል ማስቀመጥ ራሱ ሙያ መሆኑንም ያወቅሁት ከአጎቴ ነው። ጆንያው ወለል ላይ አይቀመጥም። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይደረጋል፣ አየር እንዲገባ። ግድግዳም አያስነኩትም። ሰው ዞሮ ሊያየው የሚችልበት መተላለፊያ ይተውለታል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። እርጥብ እህል ከገባ መሀሉ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይወልዳል። አጎቴ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ሰደው ሙቀቱን ሲያዩ፣ አንድ ፍሬ ነክሰው ድምፁን ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ደረቅ ፍሬ ቀጭ ይላል፣ እርጥቡ ይለጠጣል። የነቀዝ መድኃኒት ሲደረግ ክምሩ በላስቲክ ይሸፈንና በሩ ለቀናት ይዘጋል፤ ጋዙ ሰው ይገድላል። እዚሁ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሽላ በጉድጓድ የሚያስቀምጡ አባቶቻችን የሚያውቁትን ነገር ነው መጋዘኑ በትልቁ የሠራው፤ አየርና እርጥበትን መቆጣጠር።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። መንገዱ ግን አልሞተም፤ የጅቡቲው ጭነት በሚሌና በባቲ ይመጣል። ኮምቦልቻም አደገች። ደረቅ ወደብ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አዳዲስ ትልልቅ መጋዘኖች ተሠሩ። አሮጌው ተረሳ።

2014 ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ቁስሉ ገና ነው። ጦርነቱ ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን ገባ፣ እስከ ኅዳር ማብቂያ ቆየ። በዚያ መሀል የእርዳታ መጋዘኖች ተዘረፉ። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የመጣው አልሚ ምግብ ሳይቀር ተወሰደ። ታጣቂ ብቻ አልነበረም፤ የኛም ሰው ነበረበት። አጎቴ ይህን የሰሙ ቀን ምሳ አልበሉም። በ77 በጀርባቸው ያስገቡት የሚዘረፍ መሰላቸው። እኔም ያዘንኩት ለዚህ ነው። መጋዘን የአደራ ቤት ነው። አደራው ሲበላ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት የሌለው ሰው ነው።

ይፍረስ አይፍረስ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው። ድንጋዩን አላመልከውም፤ ለከተማዋ የሚጠቅም ነገር ከተሠራበት እሰየው። ሳይፈርስ ግን እዚያ የሠሩት ይጠየቁ፣ ስማቸው ይመዝገብ። ደሴ ያለውን ሙዚየም የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል፤ ሚዛኑ እንኳ ቢተርፍ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አጎቴ ወሬያቸውን ሲጨርሱ ሳላስበው "ጠራጊዎቹንስ አልጠየቅክም?" አሉኝ። ከቀዳዳ ጆንያ የፈሰሰውን እህል የሚጠርጉ፣ ከአፈር የሚለዩ፣ የሚያበጥሩ ሴቶች ነበሩ። ጆንያ የሚሰፉትም እነሱ ናቸው። በ77 አንድ ፍሬ እንዳይጠፋ ሌሊት በፋኖስ ይለቅሙ ነበር አሉ። አንዷ እናት ከቦርከና ማዶ ይኖራሉ፣ ቤታቸውን አጎቴ ያውቁታል። የፊታችን እሑድ ቡናና ስኳር ይዘን አብረን ልንሄድ ተነጋግረናል። የምጠይቃቸውን ከአሁኑ እየጻፍኩ ነው። ክፍያቸው በገንዘብ ነበር ወይስ በጥራጊው? ልጆቻቸውን ያን ጊዜ ማን ይይዝላቸው ነበር? ያበጠሩት እህልስ ወደ ክምሩ ተመልሶ ይገባ ነበር ወይስ ደጁ ላለው ይሰጥ ነበር?