የማይመለስ ንብረት

የግንባታ ካምፕ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከመኖሪያው ጀርባ «ለጊዜው» የተቀመጠ ነገር አይጠፋም። የእኛው ከከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ ማሳለፊያ) ሥራ የተፈታ፣ ኮንክሪት የሚሞላበት የፎርምወርክ ጣውላ ነበር። ሚስማሩ አልተነቀለም፣ ዝናብ አጥቁሮታል፣ ክምሩ መስኮት ደርሷል። ከሱ ማዶ የወጥ ቤቱ ዱቄት ማስቀመጫ አለ። ይነሳልን ብለን በደብዳቤ ጠይቀናል። የአስተዳደር ኃላፊው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሎደሩ ሥራ ላይ ነው።» አልዋሹም። ሎደሩ የእሳቸውን መኪና ማቆሚያ ጠጠር እያለበሰ ነበር።

አይጥ ዱቄቱን ብሎ መጣ። አይጡን ብሎ ማን እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ከአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ ባለው ቆላ ሚያዝያ ዝናብ ነው። እሑድ ጠዋት ፎጣ አገልድሜ ከሻወር ስመለስ በሬ ደረጃ ላይ የሃይድሮሊክ ሆስ ቁራጭ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። ንብረት ክፍል ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ «ይሄን ማነው ሳይመልስ ጥሎት የሄደው?» የሚል ነው። ላነሳው ጎንበስ ስል ሆሱ ተነፈሰ።

እፉኝት ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ራሷ ሰፋ ያለ፣ ጀርባዋ ላይ ከአንገት እስከ ጅራት ሹል ሹል ምልክት የተደረደረባት። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሄዳል። እሷ ግን መልኳን አምና ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ሰው የምትነድፈው አሳድዳ ሳይሆን ስለሚረግጣት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት የማውቀው ልብሴ ሁሉ ከእሷ ወዲያ መሆኑን ብቻ ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ እጄ ላይ ነው፤ እሱን ሻወርም ይዤው እገባለሁ።

ተጣራሁ። ካምፑ ወጣ። የጥበቃ ኃላፊያችን ሃምሳ አለቃ ሽመላቸውን ይዘው ደረሱ። በጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ነገር አያበዙም።

«ራሱን ይቀጠቅጣል ብሏል ቃሉ» አሉ ዱላውን እያመቻቹ።

ከኋላቸው የክሊኒኳ ሲስተር ጋቢዋን እንደለበሰች ቆማለች። «ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ ጥቅሱን ይጨርሱት።»

«ምኑን?»

«ቀጥሎ 'አንተም ሰኮናውን ትቀጠቅጣለህ' ነው የሚለው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰኮናው ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የለኝም።»

ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። እስከ ዛሬ አሳማኝ የደህንነት ስብሰባ የምለው ያንን ነው፤ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ፣ ውሎ አበልም አልተከፈለበት።

ሲስተር እባብ የምትወድ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ከመምጣቷ በፊት በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በአብደራፊ በኩል በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ሠርታለች። ሳሉጉ፣ ለአጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ በባዶ እግሩ ያጭዳል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ በጨለማ ይነደፋል። እግሩ በገመድ ተጠፍሮ፣ በምላጭ ተበጥቶ፣ መርዝ ይስባል የተባለ ጥቁር ድንጋይ ተለጥፎበት ይመጣል። ገመዱ ያልሞተውን ሥጋ ይገድላል፤ ምላጩ ደሙ ለማይረጋ ሰው ተጨማሪ ቁስል ነው። ደሙን በብልቃጥ ቀድተው 20 ደቂቃ ያቆዩታል፣ ካልረጋ የሚያደርጉትን ያውቃሉ፣ ፀረ መርዙ ካለ። በአፍሪካ የታወቀው ፋቭ አፍሪክ የተባለው ፀረ መርዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 መመረቱ ቆሞ፣ የመጨረሻው ምርት በ2016 ጊዜው አለፈ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዋና ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በዓመቱ፣ በ2017 ነው። ይህን ስትነግረኝ ሻይዋን እያማሰለች «መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በሽታ መሆኑ ታወቀ» አለች።

ወደ ደረጃዬ ልመለስ። የአስተዳደር ኃላፊው ከክፍላቸው አልወጡም፤ አመራር ግን በመስኮት ይሰጣሉ። «ነጭ ጋዝ አፍስሱባት!» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጎማ አቃጥሉ!»

«ጋዝ ሲፈስባት ትቆጣለች» አለች ሲስተር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ከሸሸችም ቅርብ ወዳለው ጨለማ ነው።» ቅርብ ያለው ጨለማ የእሳቸው ኮንቴይነር ሥር ነበር። መስኮቱ ተዘጋ።

የቀረው ሥራ ነው። ሁሉም ከሁለት ሜትር ወዲያ እንዲቆም፣ አንድ ሰው ዓይኑን ከእሷ ላይ እንዳያነሳ አዘዘች። እኔን ባለ ክዳን በርሜል አምጣ አለችኝ። ያለው ያልተነካ የ60 ሊትር ፕላስቲክ ነው፣ በብረት ቀለበት የሚቆለፈው። ሾፌሩ ለአየር ልብሳው ብሎ ሚስማር ይዞ ሲመጣ ዓይኔ ፈጠጠ። ሲስተር «ግማሽ ሰዓት ነው፣ አየር አያልቅባትም» አለች። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሙያዊ አስተያየት ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው።

ረጅም ነገር ሲፈለግ የተገኘው የቀያሹ ስታፍ ነው፣ እስከ 5 ሜትር የሚዘረጋው አሉሚኒየም መለኪያ ዘንግ። ቀያሹ ጫፉ ከተጎዳ ንባቡ ይዛባል ብሎ አጉረመረመ፤ ስታፉን ግን አልከለከለም። በርሜሉን አጋድመን አፉን ከደረጃው ጋር አስጠጋነው። ሲስተር በስታፉ ጫፍ እፉኝቷን ከኋላዋ በቀስታ መግፋት ጀመረች። የተጨነቀ እባብ ጠባብና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል፤ በርሜሉ ሁለቱም ነው። አንዴ ብቻ እፉኝቷ ስታፉን መታችው። መምታቷን ዓይኔ አላየም፣ የብረቱን ድምፅ ነው የሰማሁት። ከዚያ እየተንሸራተተች ገባች። በርሜሉን ከጀርባው በእንጨት ገፍተን አቆምነው፣ ክዳኑ በመጥረጊያ ዘንግ ተገፍቶ ከተገጠመ በኋላ ነው እጅ የነካው። በጅራቷ ልያዛት ያለ ጀግና ነበር፣ ቁርስ እንዲበላ ተላከ።

ሾፌሩ ቱታውን አዋሰኝና ፒክአፑ ላይ ጭነን ተነሳን። እስከ በሩ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሃምሳ አለቃ በአቋራጭ ቀድመውን ቦታቸው ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ዘረጉ።

«ምን ይዛችኋል?»

«ሃምሳ አለቃ፣ አሁን እኮ አብረን ነበርን።»

«አብረን የነበርነው እዚያ ነው። ይሄ በር ነው።»

«እፉኝቷ ናት።»

«ይከፈትና ይታይ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ራቅ ብሎ ሲጋራ ለኮሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የእኔ ነው። «ባዶ ናቸው» የተባሉ በርሜሎች ናፍጣ ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ የተዘጋ ዕቃ ሁሉ ተከፍቶ እንዲፈተሽ፣ ያለ መውጫ ፈቃድ ቡሎን እንኳ እንዳይወጣ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሃምሳ አለቃ ምንም አልተናገሩኝም፣ በጣታቸው ፊርማዬን ብቻ አሳዩኝ። ደንቡ ትክክል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነው። ግን እፉኝት ጭነህ ፀሐይ ላይ ስትቆም ትክክለኛ ደንብ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሲስተር ጋቢዋን አውልቃ በርሜሉ ላይ ጣል አደረገች፤ ፕላስቲክ ውስጥ ፀሐይ ከመታት ትሞታለች አለች። ከዚያ የበርሜሉን ጎን በቁልፍ ቆርቆር አደረገችው። ከውስጥ ረጅም ትንፋሽ መለሰ። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፣ ቀጥ አሉ።

«ናፍጣ አይደለም» ብለው መሰከሩ። «ፍተሻው በድምፅ ተደርጓል ብዬ እመዘግባለሁ። መውጫውስ?»

ፓዱን አስመጥቼ ኮፈኑ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የዕቃው ዓይነት፦ በርሜል፣ ፕላስቲክ፣ ባለ ክዳን። መለኪያ፦ ቁጥር። ብዛት፦ 1።

«ውስጡ ያለውስ? ዝም ብለህ ካለፍከው ባዶ ነው ማለት ነው። ያ ደግሞ ሐሰት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ መስመር፦ እፉኝት፣ ቁጥር፣ 1።

«ቆይ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እፉኝት ስትወልድ ሆዷ ተቀዶ ነው የምትሞተው ይባላል። ልጆቿ ገድለዋት ነው የሚወጡት።»

«ወሬ ነው» አለች ሲስተር። «እንቁላል አትጥልም፣ ነፍስ ያለው ልጅ ትወልዳለች፤ ወሬው ከዚያ የመጣ ይሆናል። ሃያም ሠላሳም ትወልድና ተነስታ አይጧን ፍለጋ ትሄዳለች።»

ሃምሳ አለቃ በርሜሉን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት። «ታዲያ ይቺ እርጉዝ ብትሆን ብዛቱ ስንት ይባላል?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። «አንድ» አልኩ፣ «በዓይን የታየው አንድ ነው።» ካሰቡበት በኋላ ተቀበሉኝ።

«ተመላሽ ነው የማይመለስ?»

«በርሜሉ ተመላሽ፣ እሷ የማይመለስ።»

«የማይመለስ የአስተዳደር ፊርማ ይፈልጋል።»

ይሄም የእኔ አንቀጽ ነው። በቱታ ሮጥኩ። ኃላፊው በር አልከፈቱም፤ ወረቀቱ በበሩ ሥር ገባ፣ በበሩ ሥር ወጣ፣ ከነቲተሩ ተፈርሞ። ከዚያ ቢሮ በዚህ ፍጥነት የተፈረመ ወረቀት አላውቅም። ለጣውላውም ደብዳቤ ሳይሆን እባብ ነበር መላክ የነበረብን።

ሾፌሩ ነጭ ሳር ፓርክ ወስደን እንልቀቃት ብሎ ነበር። ሲስተር እምቢ አለች። እባብ የሚያውቀው የራሱን ቀዬ ነው፣ መደበቂያውንም አደኑንም፤ ርቆ የተጣለ ሲንከራተት ይሞታል፣ ወይም ሌላ ሰው ደጃፍ ይገኛል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ቦታ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ሰው ከማይሄድበት ቁጥቋጦ ዳር በርሜሉን አጋደምነው። ቀለበቱ ተፈታ፣ ክዳኑ በስታፉ ተጎትቶ ወደቀ። ተመልሰን መኪናው ውስጥ ገብተን ጠበቅን። ለመውጣት አልቸኮለችም። ስትወጣም እንደሌላው እባብ አልተጠማዘዘችም፤ ቀጥ ብላ፣ ሆዷን መሬት ላይ እየሳበች፣ ወደ ኋላዋ ሳታይ ገባች። ሾፌሩ ቅር ብሎታል፤ የምትወረወር መስሎት ስልኩን ደግኖ ነበር።

ስንመለስ ሃምሳ አለቃ «አሁን ይከፈት» አሉ። ተከፈተ። በርሜል አንድ፣ ባዶ። ጻፉ።

ማግሥቱን ማስታወቂያው ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ ሕይወት ያለው ነገር የያዘ ዕቃ በድምፅ ሊፈተሽ ይችላል። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ቢያንስ ሕጋዊ ሆነናል። የወሩ ሪፖርት ደግሞ «የአስተዳደር ክፍሉ በወሰደው ፈጣን እርምጃ» ብሎ ይጀምራል። ሲስተር የሚል ቃል የለበትም። ጣውላው ተነሳ፣ እውነትም ሎደሩ ተገኘለት፤ የተወሰደው ግን ወደ ክሊኒኩ ጀርባ ነው።

የሰኔ 30 ቆጠራ ሲደርስ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ኦዲተር የበሩን መዝገብ ከፊቱ ዘረጋ።

«እዚህ 2 ወጥቶ የተመለሰው 1 ነው።»

«አንዱ የማይመለስ ነው፣ ተጽፏል።»

«የማይመለስ ከሆነ የወጪው ሞዴል 22 የታለ?»

«አልተቆረጠም።»

ገጹን ገለበጠ። «በሞዴል 19ስ ገቢ ሆኗል?»

«አልሆነም።»

«ገቢ ያልሆነ ንብረት እንዴት ወጪ ይሆናል?»

ቀና ብዬ አየሁት፤ አልሳቀም። ሃምሳ አለቃ ለምስክርነት ተጠርተው በድምፅ ማጣራታቸውን ተናገሩ፤ ያም በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ግኝቱ ላይ «በመዝገብ ያልገባ 1 (አንድ) እፉኝት ያለ ሞዴል 22 ወጪ መደረጉ ስለታወቀ ክፍሉ ማብራሪያ ይስጥ» ተብሎ ተጻፈ። ማብራሪያውን አንድ ገጽ አድርጌ ጻፍኩ፤ ግልባጭ ለክሊኒክ።

ሲስተር ግልባጩን በእስክርቢቶ ጽፋበት መለሰችልኝ። ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው ጣውላ ሥር አዳዲስ መታየታቸውን፣ ትንንሽ ስለሆኑ መቁጠር አለመቻሏን ገልጻ፣ ሞዴል 19 የሚቆረጥላቸው በጅምላ ነው ወይስ በነጠላ ስትል ጠይቃለች።