ክሩ የት ገባ?

በኦፕራሲዮን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ እማዬ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ክሩን መቼ ነው የሚያወጡልሽ?» ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ የተሰፋችበትን ክር አንድ በአንድ ሲመዙላት ያየችው ሥቃይ ዛሬም ከፊቷ አልጠፋም። «አይወጣም እማዬ፣ ሰውነቴ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል» ብላት አላመነችኝም።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝና በእርጎ ልገልጥላት ሞከርኩ። የእኔ ክር ከመቶ 90 ያህሉ ከግላይኮሊክ አሲድ፣ 10 ያህሉ ደግሞ ከቅርብ ዘመዱ ከላክቲክ አሲድ የመጣ ነው። ላክቲክ አሲድ ማለት እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው፤ ሼለ የተባለ ስዊድናዊ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው።

ሞለኪውሉ ሁለት እጅ አለው፤ አንዱ የአሲድ፣ ሌላው የአልኮል። የአንዱ አሲድ የሌላውን አልኮል ሲይዝ ከመሀላቸው አንድ ውኃ ይወጣል። ጥንዶቹ አሁንም በየጫፋቸው አንዳንድ ነፃ እጅ ስላላቸው ሦስተኛው፣ አራተኛው ይቀጠላል፤ ሰንሰለት ይሆናል። ችግሩ ያው ውኃ ነው። ካልተወገደ ተመልሶ ገብቶ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። አጭር ሰንሰለት ደግሞ ተሰባሪ ነው፤ ክር አይወጣውም።

መላው ደስ ይላል። አጫጭሮቹን ሰንሰለቶች አየር በተመጠጠበት ዕቃ ያሞቋቸዋል። ያኔ ሞለኪውሎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሰንሰለቱ ይላቀቁና በሁለቱም እጃቸው ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ አራት ካርቦንና ሁለት ኦክስጅን የዞሩበት፣ ላክታይድ የሚባል። ውኃው አስቀድሞ ወጥቷል። ከዚያ በቆርቆሮ ውህድ እየታገዘ አንዱ ቀለበት ሲከፈት ከቀጣዩ ይያያዛል፣ እሱም ይከፈታል፤ ያለ አንዲት ጠብታ ውኃ ረጅም ሰንሰለት ይመዘዛል። ግላይኮሊክ አሲዱም መንገዱ ይኸው ነው። ቀለበትንና ሰንሰለትን ለተማሪዎቼ በተለያየ ሳምንት፣ እንደማይተዋወቁ ዘመዶች ማስተማሬ አሁን ይቆጨኛል።

ሰውነት ውስጥ ግን ውኃ ሞልቷል። በፋብሪካ የተባረረው ውኃ እዚህ ቀስ እያለ ይገባና መጋጠሚያውን ሁሉ ይፈታል። ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ክሩ ያልቃል። ላክቲክ አሲዱ ስንሮጥ ጡንቻችን ከሚያወጣው ጋር አንድ ነው፤ ሰውነት አቃጥሎት በትንፋሽ ይወጣል።

በሦስተኛው ወር እማዬ ጠባሳዬን በጣቷ እየዳሰሰች ክሩን ፈለገችው። አጣችው። ዝም ብላ ቆየችና «ለእኔስ ያኔ ቢኖር ምን ነበረበት?» አለች። ክሩ ወንድሜ ከመወለዱ በፊት በዓለም ገበያ ላይ እንደነበረ አልነገርኳትም።