ሐምሌ ላይ የጠፋው ዶሜይን

ምሥራቅ ጎጃም ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የዶት ኮም ስሙ (ዶሜይኑ፣ የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ) የተከፈለበት ጊዜ ያለቀው በሐምሌ ነው። በጀት ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልጸደቀም። ድረ ገጹና ኢሜይሉ አብረው ሲጠፉ ቢሮው የክረምት ኔትወርክ ነው ብሎ ተቀመጠ። የማር ገዢው ከውጭ ደውሎ «ኢሜይሌ እየተመለሰብኝ ነው» እስኪል ድረስ የጠረጠረ የለም።

የአይቲ ባለሙያዋ የኢንተርኔት ስሞችን በዓለም ደረጃ በሚያስተባብረው በአይካን መፈለጊያ ስሙን ብታስገባ ሁኔታው «ሪደምፕሽን ፒሪየድ»፣ ማለትም ከተሰረዘ በኋላ ያለው የመመለሻ ጊዜ፣ ይላል። ጊዜው ያለፈበትን ስም መዝጋቢው ድርጅት (ስሙ የተገዛበት) እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ግን አይገደድም፣ በዚሁ መሃል ለጨረታ የሚያወጡም አሉ። ከሰረዘው በኋላ 30 ቀን መመለሻ አለ፤ ክፍያው ከዓመታዊው ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ 5 ቀን ማንም አይነካውም፣ ከዚያ ለቀደመ ይሆናል።

ሥራ አስኪያጁ አይካን በአሜሪካ እጅ ነው ብለው በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል እንጻፍ አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ አሜሪካ ከዚህ ቁጥጥር ከወጣች ቆየች፤ አሁን የሚያስፈልገን ገጹን የሠራው ልጅ ነው» አለቻቸው።

እውነቷን ነው። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ከአይካን ጋር የነበረው የቁጥጥር ውል ያበቃው እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2016 ነው። አይካን ዛሬም በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን የሚሠራው ከመዝጋቢዎች ጋር ባለው ውል ነው፤ ስም ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው አይሰጥም። አቤቱታ የሚሰማው መዝጋቢው ውሉን ከጣሰ ነው። ውሉ ደግሞ ከማለቂያው አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ካለፈም በ5 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ላክ ይላል። ተልኳል፤ የደረሰው ግን ገጹን ሠርቶ ሥራ ለቆ በሄደው ልጅ የግል ኢሜይል። በመዝገቡ ባለቤት ሆኖ የተጻፈውም እሱ ነው። በየቢሮው ያለው ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ ልጁ ቅን ባይሆን ኖሮ ዩኒየኑ ስሙን በፍርድ ቤት ሊፈልግ ነበር።

ልጁ የይለፍ ቃሉን ሰጠ፤ ዶላሩን ውጭ ያለ ዘመድ በካርድ ከፈለ፤ ስሙ ተመለሰ። ወዲያው ባለቤትነቱ በዩኒየኑ ተጻፈ። የመገናኛ ኢሜይሉ በዚያው ዶሜይን ላይ መሆን የለበትም፣ ስሙ ሲሞት አብሮ ይሞታልና። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ቀድሞ ይከፈላል፤ የሚከፈለውም በጀት ባለበት በጥቅምት ይሁን።

ዶት ኢቲ ያላችሁ እነዚህን ቀናት አትቁጠሩ። እንዲህ ያለ የአገር ኮድ ስም በዚህ ውል አይገዛም፤ ደንቡን የምትጠይቁት ኢትዮ ቴሌኮምን ነው።